ጨጎጎት የማይዘው ደም

አቶ ባየህ ዋሴ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጎንደር፣ ቀሐ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ዐረፉ። አንድ ጎረቤት ሲያልፍ ሰላምታ ቢሰጣቸው አልመለሱም፤ ሰላምታ የማይመልሱ ሰው አልነበሩምና ነገሩ ወዲያው ታወቀ። ረቡዕ ቀን ቀበርናቸው። ከመተማ እስከ ሞያሌ በየጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሳችሁ ተማሪዎቻቸው ለቀብሩ አልደረሳችሁም፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። በስልክ አልቅሳችሁ ስታበቁ ሁላችሁም ያላችሁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እስቲ አንቺ ጻፊልን፤ አብረሻቸው የሠራሽው አንቺ ነሽ።» ይኸው ጻፍሁ። ነገር ግን ከእርሳቸው ሥራ ሁሉ እናንተ ደጋግማችሁ የምታነሡት አንድ ታሪክ አለ፤ እሱን እንደሆነው አድርጌ ሳልናገር እርሳቸውን ላመስግን ብል አፌ እሺ አይለኝም።

ለማታውቁኝ፣ ስመኝ እባላለሁ። በደርግ ዘመን መገባደጃ ላይ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ እዚያው ጎንደር የአቶ ባየህ ረዳት ሆኜ ቀረሁ። እርሳቸው በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋውናቸው ክርኑ ላይ በሌላ ጨርቅ የተጣፈ፣ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። ያች ጉሮሮ መጥረግ ከኮሪደሩ ጫፍ ስትሰማ ወሬ የያዝነው ሁሉ ወደየሥራችን እንበተን ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም፤ አንድም ቀን ተቆጥተው አላየሁም። ቅር ሲላቸው ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ይጠርጉታል። እሱ ከቁጣ ይብስ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ቄስ ከገጠር መጥተው ሽንታቸውን በአረቄ ጠርሙስ ይዘው ቀረቡ። እኔ እየሣቅሁ በአንድ እጄ ልቀበል ስል አቶ ባየህ ከኋላዬ መጡና ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው፣ ዝቅ ብለው ተቀበሉ። «መቼ ልመለስ፣ ጌታየ?» አሉ ቄሱ። «አይመለሱም አባ፣ እዚሁ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፤ ሠርቼ በቃል እነግርዎታለሁ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ሰው አምኖ የሰጠሽን ነገር በአንድ እጅ አትቀበይ፤ ሽንትም ቢሆን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ሰው ብልቃጥ በአንድ እጄ ተቀብዬ አላውቅም፤ እናንተም አታደርጉትም፤ ከማን እንደተማራችሁት ታውቃላችሁ።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ለተግባር ትምህርት ደም ሲያስፈልግ ያረፈደ ሰው ይወጋል። ተማሪም ቢሆን፣ ረዳትም ቢሆን፣ እርሳቸውም ቢሆኑ። ሁለተኛው፣ እንደታሰበው ያልሆነ ምርመራ ያለበት ሰሐን አይታጠብም፤ ክዳን ተደርጎበት እስኪያዩት ድረስ ይቀመጣል። «የሆነውንማ ማንም ያየዋል» ይሉ ነበር። «ያልሆነውን አስቀምጡልኝ፤ እኔ የምማረው ከእሱ ነው።» እነዚህን ሁለቱን ሕጎች በአንድ ቀን ያፈረስሁት እኔ ነኝ።

ከምሥራቅ ጀርመን መጥተው ያስተማሩ አንድ አዛውንት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለአቶ ባየህ ጥቂት የሳይንስ መጽሔቶችና ማኖዝ የሚባል ስኳር ያለባት ትንሽ ጠርሙስ ትተውላቸው ነበር። አቶ ባየህ መጽሔቶቹን መዝገበ ቃላት ከጎናቸው አድርገው እንደ ዳዊት ደገሟቸው ብል አላጋነንሁም። ከዚያ ያገኙትን ነው በክፍል ውስጥ በጨጎጎት ያስተማሩን። ጥያቄው ይህ ነበር፤ ኩላሊት የሚያሳምመው ባክቴሪያ ሽንት ቀን ከሌት እየወረደ ሳለ ለምን ተጠርጎ አይሄድም?

«ጨጎጎት የማያውቅ አለ?» ይሉናል። የለም። መስከረም ላይ በማሳ ዳር ያለፈ ሁሉ ልብሱ ላይ ይዞት ገብቷል። «ጨጎጎት ጋቢን ይይዛል፤ ብርጭቆን ግን አይዝም። ለምን? ጋቢው የሚጨበጥ ጸጉር አለው። የእኛም ሴል እንደዚያው ነው። ቆዳው ስብ ነው፤ ከአንዳንዱ ስብ ጫፍ ላይ ደግሞ ስኳር ብቅ ብሎ ቆሟል። ጀርሙ በቀጫጭን ክሮቹ ጫፍ ያንን ስኳር መርጦ ይጨብጣል። የጨበጠን ነገር ውሃ አይወስደውም።»

ያው ስኳር የተሸከመ ስብ በኩላሊት ላይ እንዳለ ሁሉ በቀይ የደም ሴልም ላይ አለ። ስለዚህ የማንንም ኩላሊት መክፈት አያስፈልግም። ጀርሙን ከሰው ደም ጋር ነጭ ሰሐን ላይ አደባልቆ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ነው፤ ጀርሙ ሴሉን ከሴል እያያያዘ ደሙ እንደ አይብ ይቋጠራል። ማኖዙ የሚጨመረው ጀርሙ ሌላ ዓይነት እጅም ስላለው ነው። «ያንን እጁን በዚህ ስኳር ሞልተን ሥራ እናስፈታዋለን፤ ከዚያ የምንፈልገውን እጁን ብቻ እናያለን» ይሉ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ማኖዙ እንዳያልቅ ሳስቼ የሻይ ስኳር ጨምሬ ብሠራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያዩኝ ይሥቁ ነበር።

ለዚህ ትምህርት የምናራባው ጀርም ማራኪ ሰፈር ተከራይቶ ከሚኖር አንድ የኩላሊት ሕመምተኛ የተገኘ ስለነበር «ማራኪዋ» እንለው ነበር። ማራኪዋ ያልያዘችው ደም አይተን አናውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ውባለም የምትባል ሴት ከኮሶዬ በእህል ማኪና ተጭና ሆስፒታል ገባች። (አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ አንቺ የምላት «አንቱ እያልሽ አታስረጂኝ» ስላለችኝ ነው።) ያኔ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። አምስተኛ ፅንሷ ወርዶባት ነበር፤ አንዱንም ታቅፋ አታውቅም። የባሏ ዘመዶች ሾተላይ አለባት ብለው ባልየውን ሌላ እንዲያገባ ይጨቀጭቁት እንደነበር አስታማሚዎቹ ሲያወሩ ሰምተናል። አሁን ግን የከፋው የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ማሕፀኗ ውስጥ ቀርቶ ደሟ አልቆም ማለቱ ነው። ሐኪሙ ገብቶ ማውጣት አለበት፤ ያለ ደም ደግሞ አይደፍርም። የደም ዓይነቷ ኦ ነው፤ ኦ የሆነ ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ባሏ ተመረመረ፣ ተማሪዎች ተመረመሩ፣ ከካምፕ የመጡ ወታደሮች ተመረመሩ፤ የሁሉም ደም ከእሷ የደም ውሃ ጋር ሲገናኝ ይቋጠራል፣ ይፈርሳል። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ለተግባር ትምህርት ያረፈድሁት እኔ ነበርሁ። ጾም ላይ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ደም ሰጥቼ በተማሪ ፊት እንዳልወድቅ ፈራሁ። እውነቱን እንናገር ካልን መርፌም እፈራለሁ፤ ሰው መውጋት ሥራዬ ሆኖ እኔ ስወጋ ግን እንደ ሕፃን ነኝ። መደርደሪያው ላይ የለጋሽና የታካሚ ደም ከማጣጣም ምርመራ የተረፈ ደም በብልቃጥ ተቀምጦ አየሁ። የውባለም ነበር። ደም ደም ነው አልሁና እሱን በጨው ውሃ አጥቤ፣ ከማራኪዋ ጋር ሰሐኑ ላይ አደባልቄ ማወዛወዝ ጀመርሁ። ተማሪው ሁሉ ከቦኛል። አወዛወዝሁ፣ አወዛወዝሁ፤ ደሙ አልተያያዘም። እንደ ቀለም እየለሰለሰ ወዲያና ወዲህ ፈሰሰ።

አቶ ባየህ ጉሮሯቸውን ጠርገው መጡ። «የማን ደም ነው?»

«የእኔ» አልሁ።

«ያንቺ? እርግጠኛ ነሽ?»

«የእኔ ነው እንጂ፤ ያረፈድሁት እኔ አይደለሁ።»

ፊታቸው እንዴት እንዳበራ አልረሳውም። ያ ስኳር በሴላቸው ላይ ጨርሶ የሌለባቸው፣ እጅግ ጥቂት ሰዎች እንዳሉ አንብበው ነበር፤ በዓይናቸው አያለሁ ብለው ግን አስበው አያውቁም። «ስመኝ፣ አንቺ ብርቅ ሰው ነሽ!» አሉና ወዲያው አዲስ ጠብታ ሊወስዱ መርፌ አነሡ። «ጾሙ ዛሬ አድክሞኛል፤ ነገ ይሁንልኝ» አልሁ። የሰው ጾም ያከብሩ ነበርና መርፌውን መልሰው አስቀመጡ። «ነገ እንግዲያው። ሰሐኑን ክደኚው።» እርሳቸው ሲወጡ ሰሐኑን አጠብሁት።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። እርሳቸው መጽሔቱን በብብታቸው ይዘው እንደ ሠርገኛ ፈክተው መጡ። ቆሜ ነገርኋቸው፤ ደሙ የእኔ አይደለም፣ ፈርቼ ነው፣ ሰሐኑንም አጥቤዋለሁ አልሁ። መነጽራቸውን አወለቁ። ነገር ግን አልጠረጉትም።

«የማን ነበር?»

«የኮሶዬዋ ሴት፤ ደም የጠፋላት።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ትናንት ነበር የሚያስፈልገን፣ ልጄ» አሉ። ከዚህ ሌላ የተናገሩኝ የለም። በዚያች አንድ ቀን ውባለም ምን ያህል እንደገረጣች ዎርዱ ገብቼ አይቻለሁ፤ ከንፈሯና ትራሷ አንድ መልክ ነበራቸው። ያች ሴት ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነኝ አልሁ በልቤ። ዛሬም ያ ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል።

አቶ ባየህ ለሐኪሙ ሲያስረዱ አጠገባቸው ነበርሁ። ሰውነት በራሱ ላይ የሌለውን ነገር በሌላው ላይ ሲያገኝ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ የእኛ የሁላችን ደም ያንን ስኳር ተሸክሟል፣ የእሷ አልተሸከመም፤ ስለዚህ የማናችንንም አትቀበልም። የሚሆናት እንደ እሷው የሌለው ሰው ብቻ ነው። «እንዲህ ያለ ሰው አገር ቢታሰስ ላይገኝ ይችላል» አሉ። «ካለ ግን ከአንድ እናትና አባት ከወጡት ውስጥ ነው። የሚለይልን ደግሞ ማራኪዋ ናት።» ሐኪሙ ሰዓቱን አየና፣ «ከነገ ጠዋት በላይ አልጠብቅም፤ ደም ኖረም አልኖረም እገባለሁ» አለ። ባሏ ኮሶዬ አንድ እህትና አንድ ታላቅ ወንድም እንዳላት ነገረን። ወንድምየው አያ ሙጨ ይባላል፤ ከባልየው ጋር በመሬት ድልድል ተጣልተው ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ያየሽው አንቺ ነሽ፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሉኝ አቶ ባየህ።

በዚያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ማኅተሙን አስመትተን ወደ ደባርቅ በሚሄድ የጭነት ማኪና ተሳፈርን። ማራኪዋ በብልቃጥ ሆና በጥጥ ተጠቅልላ የእርሳቸው ቦርሳ ውስጥ ነበረች። ኬላው ላይ አንድ ታጣቂ ቦርሳውን በርብሮ ብልቃጧን አወጣና፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «ጀርም ነው፤ ከሽንት የወጣ» አሉ አቶ ባየህ ረጋ ብለው። ታጣቂው በሁለት ጣቱ መለሰላቸውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በሌላ ቀን ቢሆን በሣቅ እሞት ነበር።

ኮሶዬ ስንደርስ ወንድ የሚባል አላገኘንም። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ የበረታበት ጊዜ ነበር፤ ወረቀት የያዘ የከተማ ሰው ከማኪና ሲወርድ ከታየ ጎረምሳውም ጎልማሳውም ወደ ገደሉ ነው። መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ሴቶች ተሰብስበው ቆመዋል። አቶ ባየህ የመጡበትን ሲናገሩ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወደፊት ወጡ። የውባለም አማት ናቸው፤ ትንሹ ልጃቸው ባለፈው ዓመት ለዘመቻ ተወስዶባቸዋል።

«ልጅ ወስዳችሁ አልበቃ ብሏችሁ ደግሞ ደም ፍለጋ መጣችሁ?» አሉ።

ሴቶቹ አጉረመረሙ። እኔ ማኪናው ሳይርቅ እንመለስ ብዬ ነበር። አቶ ባየህ ግን ከኪሳቸው የይለፍ ወረቀታቸውን አወጡና ለሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። «እማማ፣ እኔን ወደ ቤቴ የሚመልሰኝ ወረቀት ይኸ ብቻ ነው። ሌላ የለኝም። መያዣ ይሁንዎት፤ ክፉ ሥራ ከሠራሁ ይቅደዱት።» በዚያን ዘመን ያለ ወረቀት ኬላ ላይ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ሴትዮዋም ያውቃሉ፤ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩና መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

ከዚያ አቶ ባየህ ከምግብ ቤቷ አንድ ነጭ ሰሐን ለምነው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። መጀመሪያ የወጉት የራሳቸውን ጣት ነው። አደባለቁ፣ አወዛወዙ፤ ደሙ ተቋጠረ። «አያችሁ? ያዘው። እኔ አልሆናትም። ብሆናት ኖሮ አልመጣባችሁም ነበር።» ቀጥሎ እጄን ዘረጋሁ፤ ሳልጠየቅ። የእኔም ተቋጠረ። የውባለም እህት ቀረበች፤ የእሷ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የእሷም ተቋጠረ። ይህን ጊዜ ሴቶቹ ፍርሃቱን ረስተው እርስ በርስ መገፋፋት ጀመሩ። «እስቲ የእኔን!» «ያንችማ ገና ሳይነካ ይቋጠራል!» ስምንት ሴት ተወጋ፤ ስምንቱም ተቋጠረ። አቶ ባየህ የእያንዳንዷን ጣት በጥጥ ይዘው «አመሰግናለሁ እናቴ» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው ግን እየቀነሰ ሄደ። ፀሐይዋ እየዘቀዘቀች ነው፤ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ገደል ውስጥ ነው።

ወሬው ግን ቀድሞን ወርዶ ኖሯል። ገና ሳይመሽ አንድ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ።

«ምነው፣ ሙጨን ነው የምትፈልጉ አሉ?»

«አንድ ጠብታዎን ብቻ፣ አያ ሙጨ» አሉ አቶ ባየህ።

«ከባሏ ጋር ተኳርፈናል።»

«የታመመችው እኮ እሷ ናት።»

አያ ሙጨ ወደ አማቲቱም፣ ወደ እህቱም አየ። «እሷስ አላኮረፈችኝም» አለና ጣቱን ዘረጋ።

ሰሐኑን ያወዛወዝሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው ከበቡን። ደሙ ፈሰሰ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ፈሰሰ። አንድም ቦታ አልተያያዘም። አቶ ባየህ «ድገሚው» አሉ፤ ደገምሁት። «አሁንም» አሉ፤ ሠለስሁት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአያ ሙጨን ጉልበት ሊስሙ ሲሉ ሰውዬው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

አማቲቱ ግን ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። «ታዲያ ሾተላይዋስ?» አሉ።

«እማማ፣ አያ ሙጨ ስንት ልጆች አሏቸው?»

«ስድስት፣ ይደጉለት።»

«የእሷና የእሳቸው ደም አንድ ነው፤ አሁን በዓይንዎ አዩት። እሳቸውን ሾተላይ ያላቸው ሰው አለ? እሳቸው ወንድ ስለሆኑ አላረገዙም፤ ይኸው ነው ልዩነቱ። ፅንሱ ከአባቱ የወረሰው ስኳር አለ፤ የእናቱ ደም እሱን አያውቀውምና እንደ ባዕድ ይገፋዋል። ደሟ የሠራውን እሷ አልሠራችውም። እባክዎን ይቺን ልጅ ከዚያ ስም ያውጡልኝ።»

ሴትዮዋ መቀነታቸውን ፈትተው ወረቀቱን አወጡ። «በል እንካ ልጄ፤ ሲመሽ መንገድ ላይ እንዳይይዙህ» አሏቸው።

አያ ሙጨ የይለፍ ወረቀት አልነበረውም። ኬላው ላይ ግን ያው ታጣቂ ገና ከሩቅ አቶ ባየህን ሲያያቸው «የሽንቱ ሰውዬ! ሂዱ፣ ሂዱ!» ብሎ አሳለፈን። ሆስፒታል እንደደረስን የአያ ሙጨ ደም ከእህቱ የደም ውሃ ጋር ተጣጣመ፤ የጠርሙሱ ደም ወደ ክንዷ ሲወርድ እሱ ጎኗ ባለው አልጋ ላይ ተጋድሞ «ሸጋ ደም ነው፣ አትፍሪ» ይላት ነበር። ሐኪሙ ጠዋት ገባ። ውባለም ዳነች። ከእሷ ማሕፀን ልጅ አልተወለደም፤ ባሏ ግን ሌላ አላገባም፤ ከአያ ሙጨም ታርቀው የእሱን አንዲት ሴት ልጅ እንደራሳቸው አሳደጉ።

እንግዲህ እናንተ የምታውቁት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አቶ ባየህ በላቦራቶሪው መዝገብ ላይ «የሴትዮዋ ደም በጀርሙ አለመያዙን ያየችው ስመኝ ናት» ብለው ጻፉ። በሠራተኛ ስብሰባ ላይም እንዲያው ተናገሩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ለተጨማሪ ትምህርት የተላክሁት፣ በኋላም ኃላፊ የሆንሁት በዚያች መስመር ነው ብል ሐሰት አይሆንም። አንድ ጊዜ ደፍሬ፣ «ጋሽ ባየህ፣ ያንን መዝገብ ባርመውስ?» ብላቸው፣ «ያየሽው አንቺ አይደለሽም? መዝገብ የሚጠይቀው ያየውን ሰው ነው» ብለው ወደ ማይክሮስኮፓቸው ተመለሱ። እኔም ተመቸኝ። ታሪኩን ለእናንተ ስነግራችሁ «ያልተያያዘ ደም አየሁ» እያልሁ እጀምር ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለውን፣ ውሸቱንና የታጠበውን ሰሐን፣ የጠፋችውንም አንድ ቀን እዘለው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደዚያ ዘለልሁት።

ከቀብሩ በኋላ ዓርብ ዕለት መርዶውን ልነግራት ኮሶዬ ሄድሁ። ውባለም ፀጉሯ ነጥቷል፤ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍታ ካሳደገቻት ልጇ ጋር ትሠራለች። ስነግራት ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እንባዋ ሲቆም ያልተነገራትን ነገር አወጣሁት። አንድ ቀን አዘግይቼሻለሁ፣ ዋሽቼ ነው፣ ልትሞችብኝ ነበር አልኋት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

«ወይ ልጄ» አለች። «ይኸን ልትነግሪኝ ነው እንዲህ ያላበሽ? እሳቸውማ ገና ከአልጋ ሳልነሣ ነግረውኛል።»

ምን ብዬ እንደጠየቅኋት አላስታውስም። እሷ ግን ቀጠለች። «ኮፍያቸውን አውልቀው አልጋየ ሥር ቁጢጥ አሉ። ‹ረዳቴ ፈርታ ዋሸች፤ እኔም በደስታ ታውሬ ሳላጣራ ወጣሁ። አንድ ቀን ወስደንብሻል፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። እኔን ይቅር በይኝ፤ እሷንም በዚያው› አሉኝ። እኔስ ምን ልል ነው? በሕይወት አለሁ፤ ይቅር አልሁ።»

«ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«አትንገሪያት አሉኛ! ‹ራሷ ስትነግርሽ ይሻላታል› አሉ። ይኸው በየፋሲካው ስትመጪ፣ ዘንድሮ ትነግረኝ ይሆን እያልሁ ስጠብቅ ፀጉሬ ነጣ» አለችና፣ ዓይኗ እንባ እንደያዘ ሣቀች።

ጋሽ ባየህ፣ እነሆ ለሚያውቁዎት ሁሉ ነገርኋቸው። በእኔ ስም ይቅርታ መለመንዎን ሳላውቅ ስንት ጊዜ አጠገብዎ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ፤ ስንት ጊዜ አንድ ቀን ያጋልጡኛል ብዬ ዓይንዎን ሸሸሁ። ይቅር የተባልሁ ሰው ሆኜ ሳለ ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ተከሳሽ ኖርሁ፤ እርስዎ ግን ነገሩን ገና ያኔ፣ አልጋ ሥር ቁጢጥ ብለው ጨርሰውልኝ ነበር። የጥፋቱን ግማሽ ወስደው የምስጋናውን ሙሉ ለእኔ ጻፉ። በሕይወት ሳሉ ላመሰግንዎ ይገባ ነበር፤ ስለምን እንደማመሰግንዎ ግን አላውቅም ነበር፤ ሳውቅ ደግሞ እርስዎ የሉም። ነፍስዎን በደጋጎቹ ቦታ ያኑርልን። ቢሰሙኝም ባይሰሙኝም እላለሁ፤ አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ባየህ።